የኦሻ ካርድ የሙያ ማረጋገጫ አይደለም

ኦሻ የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደህንነትና ጤና መሥሪያ ቤት ነው። «የ30 ሰዓት የኦሻ ሥልጠና ካርድ ያለው ሰው በአሜሪካ መንግሥት የተመሰከረለት የደህንነት ባለሙያ ስለሆነ ዝም ብላችሁ ቅጠሩት» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተባለ ይመስለኛል፤ ግን ትክክል አይደለም። ካርዱ የሚያሳየው ሥልጠናውን መጨረስን ብቻ ነው። ኦሻ ራሱ ይህ ሥልጠና የባለሙያነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ በድረ ገጹ ላይ ጽፏል። ካርዱ የሚሰጥበትን የሥልጠና ፕሮግራም (አውትሪች) ገጽ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሥልጠናው ጥሩ ነው፤ አደጋን ቀድሞ ለማየት በጣም ይረዳል። ነገር ግን በካርዱ ብቻ የተቀጠረ ሰው የጥልቅ ቁፋሮ ድጋፍን ወይም የጋዝ ልኬትን እንዲያጸድቅ ከተደረገ፣ የሚጎዳው ጉድጓድ የሚገባው ሠራተኛ ነው። አመልካቹ «ሲኤስፒ (የደህንነት ባለሙያነት ማረጋገጫ) አለኝ» ካለ፣ ስሙን ማረጋገጫውን በሚሰጠው ድርጅት በቢሲኤስፒ የኢንተርኔት ማውጫ ፈልጉ። የሠራበት ሳይትም ደውላችሁ ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቁ።