የሀዲዱ ስፋት

አበርዲን የገባሁ ሰሞን ሰው ሁሉ «ፊት ላይክ?» ይለኝ ነበር። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር የተለጠፈ መስሎኝ ስንት ጊዜ መስታወት አየሁ። የሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ ሰው «እንዴት ነህ?» ለማለት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ለድሬ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይከብድም። እኛም ፈረንሳይኛውን ከለገሃር ሽማግሌዎች ለቃቅመን፣ «ወሪያ»ን ከሶማሌ ጎረቤት ወስደን፣ አማርኛና ኦሮምኛውን ቀላቅለን ነው ያደግነው።

ሥራዬ ታክሲ ነው። ዋናው ደንበኛዬ ባሕር ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ዳይስ በሚባለው ሰፈር፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ የሄሊኮፕተር መነሻ አለ። ሠራተኞቹ ውኃ ቢገቡ ከብርድ የሚያድናቸውን ወፍራም ልብስ ለብሰው ይሳፈራሉ። የሚሄዱት ሰሜን ባሕር መሀል በብረት እግሩ ወደቆመ የነዳጅ ማውጫ ነው። ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዱም ሦስት ሳምንት ከርሞ ይመለሳል። ከዚያ ያንኑ ያህል ቀን ቤቱ ያርፋል። እዚያ መጠጥ ክልክል ስለሆነ፣ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚጠይቁኝን መገመት አያቅትም።

ባለፈው የካቲት አንዱን ጫንኩ። ሃምሳን አለፍ ያለ በያጅ ነው። ቤቱ ጋ ስንደርስ «አታቁም፣ አንዴ ዙርልኝ» አለኝ። ዞርኩ። «ድገመው» አለ። ሦስተኛው ላይ ቆጣሪውን አጠፋሁት። ለካ ኮንትራትህ አይታደስም ተብሎ ነው የመጣው። ሚስቱ መስኮት ላይ ነበረች። እየቀለደ መስሏት፣ ባለፍን ቁጥር እየሳቀች እጇን ታወዛውዝልን ነበር።

ይሄን ዙር አውቀዋለሁ። አባቴም ዞሮታል።

አባቴ ድሬ፣ ምድር ባቡር ወርክሾፕ፣ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ነበር የሚሠራው። ባቡሩ እየከሳ በመጣበት ዘመን፣ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ቤት አይመጣም። ከዚራ የሚባለውን ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር ዞሮ፣ ዞሮ፣ ፊቱን አስተካክሎ ነው የሚገባው። እኛ ደግሞ ንፋስ እየተቀበለ ነው እንል ነበር።

ድሬ ዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር። ተራራው ከበደ፣ ገንዘቡም አልበቃ አለ። ሀዲዱ በፈረንጆቹ 1902 መጨረሻ እታች ቆላው ላይ ቆመ። ከተማዋ እዚያው በቀለች። መጀመሪያ የወጣላት ስም እንኳ «አዲስ ሐረር» ነበር። ሀዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው ከ15 ዓመት በኋላ በ1917 ነው። ወርክሾፑ ግን ድሬ ቀረ። ባቡር የሚታከምባት ከተማ እሷ ሆነች።

አበርዲን እንዲህ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲዋ ብቻ በ1495 የተመሠረተ ነው። በግራናይት ድንጋይና በዓሣ ስትኖር የነበረች አሮጊት ናት። ነዳጅ የመጣላት በስተእርጅና ነው። በ1970 ፎርቲስ የተባለው ትልቅ የነዳጅ ክምችት ተገኘ። በ1975 ንግሥቲቱ ራሳቸው መጥተው ቁልፉን ተጫኑ፣ ዘይቱ ወደ ምድር ፈሰሰ። ባቡር ለድሬ እናቷ ነው። ነዳጅ ለአበርዲን በእርጅና የመጣ ሀብታም ባል ነው። ሁለቱም ሲሞቱ ያስለቅሳሉ፣ ልቅሶው ግን አንድ አይደለም።

ባልየው መታመም የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። የብሪታንያ ዘይትና ጋዝ ምርት ጣሪያ የነካው በ1999 ነው። በቀን 4 ሚሊዮን ተኩል በርሜል ገደማ ነበር፣ ጋዙም በዘይት ተመንዝሮ ማለት ነው። ዛሬ የቀረው ሩብ ያህሉ ነው። ከዚያ በሰኔ 2014 115 ዶላር ደርሶ የነበረው የበርሜል ዋጋ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ወረደ። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝና፣ ባለ አንድ መኝታ ቤቴን የገዛሁት በ2014 ጸደይ ነው። ልክ ጣሪያው ላይ! ዛሬ ልሽጣት ብል ከከፈልኩት ሲሶው ይጎድላል። «የድሬ ልጅ ስለነገ አያስብም» የሚለኝ ጓደኛዬ በዚህች ቤት ዕድሜ ልኩን ሊስቅብኝ ነው።

የሠራተኛው ቁጥርም እንደዚያው ነው። ዘርፉ ራሱ ሲቆጥር፣ ባሕር ላይ ካለው ጀምሮ ዕቃ እስከሚያቀርበውና ደሞዙ እስከሚነካው ሱቅ ድረስ፣ በ2014 ከ400 ሺህ በላይ ሰው በሥሩ ይኖር ነበር። አሁን ከዚያ ግማሹ ነው። ቁጥሩን ጋዜጣ ላይ ያነብቡታል። እኔ የማየው ከመሪው ኋላ ሆኜ ነው። ድሮ ሄሊኮፕተር መነሻው ጋ ሃያ ደቂቃ ብሰለፍ ሰው እጭናለሁ። አሁን አንድ ሰዓት ቆሜ፣ ቡናዬን ጨርሼ፣ እናቴ ጋ ደውዬ፣ ገና ሁለት መኪና ይቀድመኛል። እሁድ ማታ ሰኞ ጠዋት የሚበሩ ሠራተኞች ይሞሏቸው የነበሩ ትንንሽ ፔንሲዮኖች ክፍት ክፍል አለ ብለው በር ላይ ለጥፈዋል። ዋናው ጎዳና፣ ዩኒየን ስትሪት፣ መስታወቱ በወረቀት የተሸፈነ ሱቅ በዝቶበታል።

ይሄን ሳይ ትዝ የሚለኝ ኤረር ነው። ባቡሩ ኤረር ሲቆም ሴቶቹ ብርቱካን በመስኮት ያቀብሉን ነበር። ሳንቲሙን ስትወረውር ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል፣ እነሱ ግን ሮጠው መልስ ይሰጡሃል። ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ እያለ የሚሄደው መስመር ሁሉ እንዲህ ባለ ገበያ ይኖር ነበር። ከጅቡቲ የሚመጡት ነጋዴዎች ሰልቫጁን ከወንበር ሥር፣ ከቀሚስ ሥር ሸጉጠው ድሬ ድረስ ያወርዱታል። ኮንትሮባንድ ነው፣ አዎ። ግን ስንቱን ልጅ አስተምሯል! ባቡሩ ሲቆም የደሞዝ መዝገብ ላይ ስማቸው የሠፈረው ተቆጠሩ። የብርቱካን ሻጯን ማን ይቁጠር? እኔም እዚህ የነዳጅ ሠራተኛ ተብዬ የትም አልተመዘገብኩም። እንጀራዬ ግን ከዚያው ነው።

እዚህ ትልቁ ጭቅጭቅ ግብር ነው። በ2022 ዋጋ ሲንር መንግሥት በዘይት ኩባንያዎች ላይ ተጨማሪ ግብር ጣለ። ከፍ እያለ ሄዶ አሁን ጠቅላላው 78 በመቶ ደርሷል። አዲስ የፍለጋ ፈቃድም አንሰጥም ብለዋል። ግራንጅማውዝ ያለው፣ ከ1924 ጀምሮ የነበረው የነዳጅ ማጣሪያ በ2025 ሥራ አቆመ። 400 ገደማ ሰው ሥራው ሄደ። ከኋላዬ የሚቀመጠው ተሳፋሪ ግማሹ «ግብሩ ገደለን» ይላል። ሌላው «መሬቱ ራሱ አለቀ» ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ምርቱ መውረድ ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ያኔ ይሄ ግብር አልነበረም። ቢሆንም የታመመን ሰው ደረጃ ውጣ ማለትም ጥሩ አይደለም። አንዱ ሽማግሌ ያለኝ ግን መልስ አጣሁለት። «እኛ ማውጣት አቆምን እንጂ፣ እናንተ መንዳት አላቆማችሁም። ከሌላ አገር በመርከብ ታስመጣላችሁ» አለኝ። ታክሲዬ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ስለሆነች መከራከር እችል ነበር። ሰውየው ግን ሻንጣው ውስጥ የሃያ ስምንት ዓመት ልብሱን ይዞ ነው የወጣው። ዝም አልኩ።

ጎረቤታቸው ኖርዌይ ከዚያው ባሕር ቀድታ፣ ግብሯም ያው 78 በመቶ ሆኖ፣ ከ1996 ጀምሮ ገንዘቡን አጠራቅማለች። ዛሬ ከአንድ ትሪሊዮን ተኩል ዶላር በላይ አላት። ብሪታንያ ቁጠባ ቤት ሳትከፍት በላችው። ለፋሲካ ድሬ ስወርድ ይሄን ሳወራ አንድ የሰፈራችን ልጅ «አቦ፣ የእኛስ የካሉብ ጋዝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጫቱን እየቀነጠሰ ነው። ኦጋዴን ውስጥ ጋዝ እንዳለ ከፈረንጆቹ 1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፣ ድሬም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። «ቁጠባ ቤቱን መጀመሪያ ክፈቱ» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። እኔ እንኳ የምሬን ነበር።

ሁለቱም ሥራ ሰው በልቷል። ሐምሌ 1988 ፓይፐር አልፋ የሚባለው ማውጫ ፈንድቶ ተቃጠለ፣ 167 ሰው ሞተ። ሄዝልሄድ በሚባለው መናፈሻ ውስጥ፣ በጽጌረዳ መሀል፣ ሦስት የነሐስ ሠራተኞች ቆመውላቸዋል። ሰው ስም በጣቱ እየዳሰሰ ሲያነብ አይቻለሁ። የእኛ ደግሞ በፈረንጆቹ ጥር 1985 ነው፣ አዋሽ ላይ ባቡሩ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። አባቴ ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ መነጽሩን ነበር የሚወለውለው።

አሁን ወደ በያጁ ልመለስ። ሁሉም ሰው ለእሱ መልስ አለው። ነፋስ! እውነት ነው፣ ከአበርዲን ዳርቻ ቆመህ 11 የነፋስ ማመንጫዎች ሲዞሩ ታያለህ። ትራምፕ ከጎልፍ ሜዳዬ የሚታየውን አበላሹብኝ ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከስሰው የተሸነፉባቸው ናቸው። እዚሁ ያለው የሮበርት ጎርደን ዩኒቨርሲቲ በ2021 እንዳለው፣ ከባሕር ነዳጅ ሠራተኛው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሙያው ወደ ሌላው የኃይል ሥራ መሻገር ይችላል። ብረት ብረት ነው፣ ብየዳም ብየዳ ነው። ወረቀቱ ግን ሌላ ነው። ነዳጅ ላይ የወሰድከው የደኅንነት ሥልጠና ነፋስ ላይ አይሠራልህም። ከሰጠመ ሄሊኮፕተር ተገልብጦ መውጣትን ስንቴ የተለማመደ ሰው፣ እንደ ጀማሪ አዲስ ሥልጠና ይቀመጣል። ብዙዎቹም ከኪሳቸው ከፍለው። በ2025 መጀመሪያ ይሄን ያቀላል የተባለ የክህሎት ፓስፖርት ተጀምሯል። እስካሁን እኔ መኪና ውስጥ አውጥቶ ያሳየኝ የለም። ደግሞም የነፋሱ ማማ አንዴ ከቆመ የሚጠብቀው ሰው ጥቂት ነው።

ይሄን ሁሉ ድሬ ሳለሁ ለአባቴ ጓደኛ ነገርኩት። እሱም የወርክሾፕ ሰው ነበር፣ ዕድሜው ሰማንያ ተጠግቷል። ፉልና ሻሂያችንን ጨርሰን፣ ሰውነት ሳይቀልጥ በጠዋቱ ወርክሾፑን ላሳይህ ብሎ ይዞኝ ሄደ። ዘበኛው አወቀውና አስገባን። ውስጡ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ነው። ከፈረንሳይ የመጡት ማሽኖች ቆመዋል፣ ቅባታቸው ጠቁሯል። ሽማግሌው አንዱን ቶርኖ በመዳፉ ጠረገው፣ እንደ በቅሎ አንገት። «የአባትህ ነው» አለኝ። እጀታው ጋ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያበራል። አውራ ጣቴን አስቀመጥኩበት። ልክ ገባ።

ይሄን ባቡር ማንም ዝጋ ብሎ አላወጀበትም። ሀዲዱ አረጀ፣ ድልድዩ ደከመ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ ጭነቱን ሲኖትራክ ወሰደው። በሚሊኒየማችን ሰሞን ከአዲስ አበባ ድሬ የሚመጣው ቀረ። ይመጣል እየተባለ ቀረ። አበርዲኖች የታደሉት በዚህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ሞቱ ጋዜጣ ላይ ቀን ተቆርጦለት፣ እየተሰደቡም እየተሳደቡም ነው የሚሞተው። የድሬ ሠራተኛ ፊሽካ እያዳመጠ ነው ያረጀው።

አዲሱ ባቡር መጣ፣ አልመጣም አይባልም። በፈረንጆቹ 2016 ተመረቀ፣ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ነጻ የንግድ ቀጠናም በ2022 ተከፍቷል። ጣቢያው ግን ከከተማ ውጭ ነው፣ በባጃጅ ትሄዳለህ። ከዚራ ውስጥ ቁጭ ያለ ሰው ባቡሩ ማለፉን አይሰማም። ያስሄዱትም ለዓመታት ቻይናዎቹ ነበሩ።

ግቢው ውስጥ አሮጌው ሀዲድ ጋ ስንደርስ ሽማግሌው ከዘራውን አግድም አስተኛው። ከዘራው ከብረት እስከ ብረት ደረሰ ማለት ይቻላል።

«ይሄ አንድ ሜትር ነው» አለ። «የአዲሱ አንድ ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። የእኛ ባቡር እዚያ ላይ አይቆምም። እኛም አልቆምን።»

«ማስተማር አይቻልም ነበር ጋሼ?»

«ኧረ ይቻል ነበር! ብረት ነው እኮ። ለ43 ሳንቲም!» ከዘራውን አንስቶ አቧራውን አራገፈ።

ግንቦት ላይ አበርዲን ተመልሼ ያንን በያጅ እንደገና ጫንኩት። ከሥልጠና ሲመለስ ነው፣ ለነፋሱ። የሽማግሌውን ነገር ነገርኩት፣ ከዘራውን ሁሉ። ቆየና ሳቀ። የአንተ 43 ሳንቲም ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩት።

«ሦስት ሰርተፍኬትና ያለ ደሞዝ ሁለት ወር» አለኝ።

ቤቱ ጋ ስንደርስ አንድ ዙር ብቻ ዞርን።