«ተፈጥሯዊ ነው» ለሚል ሰው ብርብራ አሳዩት

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ባሕር ዳር ውስጥ ከድባንቄ ወደ ቀበሌ 14 በባጃጅ እየሄድኩ ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። የፕሮግራሙ እንግዳ «ኢሚዩኒቲ ከፍ የሚያደርግ» እንክብል የሚያስመጣ ሰውዬ ነው። አንዲት አድማጭ ደወለች። «እናቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። መድኃኒቷ ላይ ደርባ ብትወስደው ችግር ያመጣል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰውዬው ግን ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። «እህቴ፣ ተፈጥሯዊ ነው። ተፈጥሮ አይጎዳም። ቢበዛም ትርፉ በሽንት ይወጣል» ብሎ ዘጋው። አቅራቢው አመስግኖ ዘፈን ለቀቀ። ሾፌሩ ዞር ብሎ «ስንት ይሆን የሚሸጡት?» ሲል ጠየቀኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ንዴቴ አልበረደም።

ተፈጥሮ አይጎዳም! ይህን ሌላ ከተማ ቢናገረው ባልገረመኝ። ጣና ዳር ቁጭ ብሎ? ብርብራ እኮ ከዛፍ የሚለቀም ፍሬ ነው። ፋብሪካ አልነካውም። ወቅጠው ዱቄቱን ወደ ሐይቁ በሚገቡት ወንዞች ላይ ሲበትኑት፣ ሊራባ ሽቅብ የወጣው ዓሣ ሰክሮ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የዓሣው ሕዋስ ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል። መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ሞት! ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው። አያቶቻችን ያከብሩት የነበረው ትል ስለሚያስወጣ ብቻ አይደለም፤ መጠኑ ካለፈ ጠጪውን ስለሚጥልም ነው። ጤና አዳም ስሟ ራሱ ጤና ነው። ቅጠሏን ቡና ላይ ጣል ማድረግና ጭማቂዋን ቆዳ ላይ ቀብቶ ፀሐይ መሞቅ ግን አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ያቃጥላል። እንዲያውም እምቦጭም ተፈጥሯዊ ነው። ሰውዬው ካማረው ሐይቁ ዳር ወርዶ ይጨድ።

«ትርፉ በሽንት ይወጣል» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት ይልቅ ይሸጣል። ቫይታሚን ሲ በእርግጥ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ትርፉም በኩላሊት በኩል ይወጣል። ሲወጣ ግን ከፊሉ ኦክሳሌት ሆኖ ነው፤ ኦክሳሌት ደግሞ የኩላሊት ጠጠር ጥሬ ዕቃ ነው። ለአዋቂ ሰው የቀን ጣሪያው 2000 ሚሊ ግራም ነው። በውሃ የሚፍለቀለቀው ኪኒን አንዱ ብቻ 1000 ይይዛል። ጉንፋን ሲይዘን በቀን ሦስት አራት የምንጠጣ ስንቶቻችን ነን? ከዚያ ሆዳችን ሲላላ «ምግቡ ነው» እንላለን።

ቫይታሚን ኤና ዲ ግን በሽንት አይወጡም። ስብ ውስጥ ነው የሚሟሙት። ጉበትና ስብ ውስጥ ይከማቻሉ። ዲ ሲበዛ ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ይጨምራል፤ ማቅለሽለሽ፣ የማያባራ ጥማት፣ መደናገር ይመጣል፤ ኩላሊትም ይጎዳል። ሐኪም ካላዘዘ በቀር ጣሪያው በቀን 4000 ዩኒት ነው። በሰውዬው ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የተጻፈው «5000» ነበር፣ እንደ ሞያ። ኤ ደግሞ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ሲበዛ ጽንሱን ያበላሻል። ሴሊኒየም ሲበዛ ፀጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ይሰባብራል። እ.አ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ ሰፕልመንት (የምግብ ማሟያ) ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው 200 እጥፍ ሴሊኒየም ይዞ ተገኝቶ ከ200 በላይ ሰዎችን አሟል። እነሱም «ጤና» ብለው ነው የገዙት።

እርድን ልብ በሉ። አልጫ ላይ የምናደርጋት ቁንጥር ማንንም ገድላ አታውቅም። ካፕሱሉ ሌላ ነገር ነው። ቀለሙን የሚሰጠውን ኩርኩሚን አጥልለው ያከማቹታል፤ በደንብ እንዲሰርግ ብለው ከቁንዶ በርበሬ የወጣ ፒፐሪን ይጨምሩበታል። በዚህ ዓይነት እንክብል ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በጣሊያንም በአሜሪካም ተመዝግበዋል። አሽዋጋንዳ እያሉ በውድ የሚሸጡልን ደግሞ የራሳችን ግዛዋ ነው። እኛ ለልክፍት ስናጨሰው ኋላ ቀር ነበርን። ሕንድ ዞሮ በብልቃጥ ሲመጣ ሳይንስ ሆነ! ዴንማርክ በ2023 እ.አ.አ. በሰፕልመንት ውስጥ እንዳይገባ ከልክላዋለች። ጉበት ላይ ያደረሰው ጉዳት ተመዝግቧል፤ የእንቅርት ዕጢንም ሆርሞን ይነካካል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ዚንክ።

አክስቴ ሽምብጥ ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት አተኮሳት፣ ክሊኒክ ሄደች፣ የተለመደውን ፍርድ ሰማች፤ «ታይፎይድና ታይፈስ»። (በዚህ ከተማ አተኩሶት ይህን ያልተባለ ሰው ካለ ያሳዩኝ።) ሲፕሮና ዶክሲ የሚባሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ታዘዙላት። ከመድኃኒት ቤቱ ስትወጣ «አቅም እንዲሆንሽ» ተብሎ ሦስት ብልቃጥ ተደረበላት። በማግስቱ ቁርስ ላይ ደረስኩ። መዳፏ ላይ ኪኒኖቹን ደርድራለች፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። የሚፍለቀለቀው ብርጭቆ ውስጥ እየተንጣጣ ነው። አጠገቡ ትኩስ ወተት። ሁሉንም ባንድ እፍኝ ልትውጥ ነው።

ብልቃጦቹን አዙሬ አነበብኩ። ካፕሱሉ 50 ሚሊ ግራም ዚንክ። መልቲቫይታሚኑ 15። የሚፍለቀለቀው 10። ድምሩ 75። የአዋቂ ሰው የቀን ጣሪያ 40 ነው። ሦስቱንም የሸጠላት አንድ ሰው ነው፤ መደመር ግን አልቻለም፣ ወይም አልፈለገም። ይህን ያህል ዚንክ ለወራት ከተወሰደ ሰውነት መዳብ እንዳያገኝ ያደርጋል። መዳብ ሲጠፋ ደም ያንሳል፣ ነርቭ ይጎዳል፣ እግር ይደነዝዛል። ለአቅም ብሎ ጀምሮ ደም ማነስ!

የባሰው ግን ይኼ አይደለም። ሲፕሮ ሆድ ውስጥ ዚንክ፣ ብረት፣ ካልሲየም ወይም ማግኒዚየም ካገኘ ይጣበቅባቸዋል። ከተጣበቀ የአንጀትን ግድግዳ በደንብ አያልፍም። ወደ ደም መግባት የነበረበት መድኃኒት ወደ ሽንት ቤት ይሄዳል። ዶክሲም እንዲሁ ነው። ወተቱም ካልሲየም ስላለው ያግዛቸዋል። ሲፕሮ ከእነዚህ ማዕድናት ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ይህን የነገራት የለም። «ከምግብ በኋላ» ብቻ ነው የተጻፈላት። እንግዲህ ባክቴሪያው ለመሞት የማይበቃ፣ ለመልመድ ግን የሚበቃ መድኃኒት ትንሽ ትንሽ እየቀመሰ ይሰነብታል። በሽተኛው አይሻለውም። ተመልሶ ይሄዳል። «ታይፎይዱ አልለቀቀሽም» ይባላል። ጠንከር ያለ መድኃኒት ይታዘዛል፤ ከሌላ ቫይታሚን ጋር! እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በባሕር ዳር «አልለቅ ያለ» ከሚባለው ታይፎይድ ግማሹን ያላስለቀቀው ይኸው ብልቃጥ ነው። ግምቴ ነው፤ ግን ከዚህ ግምት ንቅንቅ አልልም።

ነገሩ በሲፕሮ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ዛሬ አገራችን ውስጥ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን አብዛኞቹ የሚወስዱት ኪኒን ዶሉቴግራቪር አለበት። እሱም ከእነዚሁ ማዕድናት ጋር ይጣበቃል። እሱም 2 ሰዓት መቅደም ወይም 6 ሰዓት መዘግየት ይፈልጋል። ብረትና ካልሲየም ከሆኑ ከምግብ ጋር አብሮ መውሰድ ይቻላል፤ ይህን ግን ሬዲዮ ላይ ማን ይናገራል? «ኢሚዩኒቲ» የሚለው ቃል ቶሎ የሚገባው ሰው ደግሞ ማን ነው? ሲዲፎሩን (በሽታ የሚከላከሉ የደም ሕዋሶቹን) እየቆጠረ የሚኖረው ሰው ነው። ዋናውን መድኃኒት በነፃ ይወስዳል። ከዚያ ያንን መድኃኒት የሚያሰናክለውን ከኪሱ ከፍሎ ይገዛል። ይህንን ምን ብዬ ልጥራው? ንግድ? እኔ ዘረፋ ነው የምለው።

የደዋይዋንም ጥያቄ ማንም አልመለሰላትምና ልመልስ። አዎ፣ ችግር ሊያመጣ ይችላል። የሚፍለቀለቁት ኪኒኖች ብዙዎቹ ሶዲየም አለባቸው፤ ለደም ግፊት ጨው ማለት ነው። ጥቁር አዝሙድና ሽፈራው በካፕሱል ተከማችተው ሲወሰዱ ስኳር ሊያወርዱ ይችላሉ፤ ከስኳር መድኃኒት ጋር ሲደረቡ ከሚገባው በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። የነጭ ሽንኩርት ካፕሱል ደም ከሚያቀጥን መድኃኒት ጋር መድማትን ሊያባብስ ይችላል። እናትሽ የምትወስደውን ሁሉ በፌስታል ይዛ ሐኪሟ ጋ ትሂድ፣ እህቴ። ዘፈኑ ቀርቶ ይህ ቢነገርሽ ምን ነበረበት።

«ከአሜሪካ ነው የመጣው» የሚለውም ዋስትና አይሆነኝም። አሜሪካ በ1994 እ.አ.አ. ባወጣችው ሕግ መሠረት ሰፕልመንት ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ተፈትኖ መፈቀድ አያስፈልገውም። በ2015 እ.አ.አ. የወጣ ጥናት በዚያ አገር በየዓመቱ 23,000 ገደማ ሰዎች በሰፕልመንት ምክንያት ድንገተኛ ክፍል እንደሚገቡ ገምቷል። የሠሩት እነሱ፣ የታመሙት እነሱ፣ የምናምነው እኛ።

ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከኦአርኤስ ጋር ለ10 ወይም ለ14 ቀን የሚሰጠው ዚንክ ሕይወት ያድናል። ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጣቸው ቫይታሚን ኤም እንዲሁ። እሱን አልነካም። ተለክቶ፣ ቀን ተቆርጦለት፣ በባለሙያ እጅ ነው የሚሰጠው። ሬዲዮ ላይ በሚነገር ስልክ ቁጥር አይደለም።

አክስቴን በመከራ አሳመንኳት። «አንተ ልጅ፣ ቫይታሚን እኮ ነው!» እያለች ካፕሱሉን ተወችው፤ ሲፕሮዋን ጨረሰች፤ ተሻላት። ሰሞኑን ስሄድ ብልቃጡን ልጥለው ፈለግኩና ቁም ሣጥኑ ላይ አጣሁት።

«የት ሄደ?» አልኳት።

«1800 ብር የተገዛ ነገር ይጣላል እንዴ? ለጎረቤቴ ሰጠኋት። እሷንም ታይፎይድ ይዟታል።»