ብሎክቼይኑን ከትንሿ መሣሪያ ላይ አውርዱት

ስለ አይኦቲ፣ ማለትም ከኢንተርኔት ጋር ስለሚገናኙ ዕቃዎችና ሴንሰሮች፣ በተወራ ቁጥር ብሎክቼይን አብሮ ይነሳል። ብሎክቼይን ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት፣ አንዴ የተጻፈበት የማይፋቅ ዲጂታል መዝገብ ነው። ሴንሰሮቹ ማዕከላዊ ሰርቨር ሳያስፈልጋቸው የጋራውን መዝገብ ራሳቸው ይይዛሉ ይባላል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ተሞክሮ ታይቷል።

ሂሊየም የተባለው ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ተጀመረ። ሰዎች ሆትስፖት የምትባል ትንሽ ሳጥን ገዝተው ቤታቸው ይተክላሉ። ሳጥኗ ሎራዋን በሚባል ብዙ ኃይል በማይፈጅ ሬዲዮ የአካባቢውን ሴንሰሮች ዳታ ትቀበላለች። ባለቤቱ በክሪፕቶ፣ ማለትም በዲጂታል ገንዘብ፣ ይከፈለዋል። መጀመሪያ ላይ የብሎክቼይኑን መዝገብ የምትሸከመውም እሷው ነበረች። ኔትወርኩ ሲያድግ ሸክሙ ከበዳት። በ2022 መዝገቡን ከሳጥኖቹ ላይ አወረዱት። በ2023 ደግሞ የራሳቸውን ብሎክቼይን ጭራሽ ትተው ሶላና ወደተባለ ሌላ ብሎክቼይን ገቡ።

ይህን እንደ ሽንፈት የሚያይ ይኖራል። እኔ ግን አበጁ እላለሁ። ኢኤስፒ32 የተባለችው በየቦታው የምትገኝ ርካሽ ቺፕ 520 ኪሎባይት ሜሞሪ ነው ያላት። የቢትኮይን ሙሉ መዝገብ ከ500 ጊጋባይት በላይ ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ትንሿ መሣሪያ የለካችውን በራሷ ምስጢራዊ ዲጂታል ቁልፍ ፈርማ ትላክ። መዝገቡን አቅም ያለው ይያዘው።

የባሰው ችግር ግን የአቅም አይደለም። በሂሊየም አንዳንድ ብልጦች ብዙ ሳጥን አንድ ቦታ ከምረው የተለያየ ሰፈር የተተከሉ አስመሰሏቸው። ክፍያቸውንም ለቀሙ። በመጨረሻ የተጠረጠሩትን ሳጥኖች የሚያግድ ዝርዝር ማውጣት ግድ ሆነ። ልብ በሉ፣ ብሎክቼይኑን የሰበረው የለም። ውሸቱን አንድም ሳያጓድል መዝግቦ ያዘ እንጂ።

ክትባት የጫነ መኪና እንውሰድ። ብዙዎቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለባቸው። ማቀዝቀዣው መንገድ ላይ ቢበላሽና ሹፌሩ ሴንሰሩን ነቅሎ በረዶ ላይ ቢያስቀምጠው፣ መዝገቡ «4 ዲግሪ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ማንም ሊፍቀው አይችልም! ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ ሲነካ በሚያስታውቅ ማሸጊያ፣ በሁለተኛ ሴንሰርና ሴንሰሮቹን በየጊዜው በማስፈተሽ ላይ ቢውል ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ብሎክቼይን ቦታ ሊኖረው ይችላል። ላኪው፣ አጓጓዡና ተረካቢው አንዱ የሌላውን ሰርቨር አላምንም ካሉ፣ የዳታውን ሃሽ (ዳታው ከተነካ የሚያሳብቅ አጭር ዲጂታል አሻራ) በየሰዓቱ የጋራ መዝገብ ላይ ማስፈር ይበቃል። ሴንሰሩም፣ መኪናውም፣ መጋዘኑም የአንድ ድርጅት ከሆኑ ግን ተራ ዳታቤዝና ጥሩ ባክአፕ ይበቃዋል።