እንስራ ያዘለችው ስትተርክ

የህንድ ሴቶች የጻፏቸውን ልብ ወለዶች ማንበብ የጀመርኩት ለንደን ከመጣሁ በኋላ ነው። የምኖርበት ሰፈር ግማሹ ነዋሪ ከጉጃራትና ከፑንጃብ የመጣ ስለሆነ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የህንድ መደርደሪያው ሰፊ ነው። መጀመሪያ የሳበኝ የቤተሰቡ ታሪክ ነበር። አማት፣ ጥሎሽ፣ ወንድ ልጅ ካልወለድሽ የሚል ጭቅጭቅ። እያደር ግን ሌላ ነገር ልቤን ያዘው። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ወንዝና ጫካ ለጌጥ አይገቡም። ወንዙ ሲበከል ራቅ ብላ ውሃ ፍለጋ የምትሄድ ሴት አለች። ጫካው ሲመነጠር ለምድጃዋ የሚሆን ጭራሮ የምታጣ ሴት አለች። የአካባቢው ጉዳት የሚለካው በሷ ውሎ ነው።

ወደኛ ልምጣ። በብዙ ዘፈኖቻችንና ታሪኮቻችን ውሃ ልትቀዳ የወረደች ልጅ ውብ ናት። ወገቧ ይወደሳል፣ አረማመዷ ይወደሳል። ወዳጇ ምንጩ ዳር ቆሞ ይጠብቃታል። ምንጩ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ግን አይነገረንም። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፣ እንስራው ሳይቆጠር። ያ ሸክም የ12 ዓመት ልጅ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ የሚተርክልን ሰው እምብዛም አላገኘንም። በጋ ላይ ምንጩ ሲደርቅ ልጅቷ ወዴት እንደምትሄድም እንዲሁ። ይህን የምለው ሥነ ጽሑፋችንን ለማናናቅ አይደለም። አማርኛ ማንበብ እወዳለሁ፣ ለዚህም ነው የጎደለው የሚቆጨኝ።

ካማላ ማርካንዳያን ልጥቀስ። ተወልዳ ያደገችው ደቡብ ህንድ ነው፣ በ1948 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለንደን ገብታ እዚሁ ኖረች። «ኔክታር ኢን ኤ ሲቭ» የተባለው ልብ ወለዷ የወጣው በ1954 ነው። ተራኪዋ ሩክማኒ የጭሰኛ ሚስት ናት። ዱባና ባቄላ ዘርታ፣ የተረፈውን ሸጣ ቤቷን ታቆማለች። አንድ ቀን መንደሩ ውስጥ ቆዳ ፋብሪካ ይተከላል። ሰዉ ደስ ይለዋል፣ ሥራ መጣ ብሎ። እሷን ግን ከመጀመሪያው ይከፋታል። ጫጫታው ይመጣል፣ ሽታው ይመጣል፣ የገበያው ዋጋ ይወደዳል፣ ማሳው ላይ ያርፉ የነበሩት ወፎች እየራቁ ይሄዳሉ። ሁለት ልጆቿ ፋብሪካው ውስጥ ይቀጠራሉ፣ ደመወዝ ይጨመርልን ብለው በማደማቸው ይባረራሉ፣ ከዚያ ሴሎን (የዛሬዋ ስሪ ላንካ) ሻይ ልማት ሊሠሩ ይሰደዳሉ። ሌላው ልጇ ቆዳ ሊሰርቅ ገብቷል ተብሎ በፋብሪካው ዘበኞች ተደብድቦ ይሞታል። በመጨረሻ ባልና ሚስቱ 30 ዓመት የለፉበት መሬት ለዚያው ፋብሪካ ይሸጥና ይፈናቀላሉ።

ይህን ሳነብ ልቤ ሞጆ ነበር። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ናት። ወንዟ በፋብሪካ ፍሳሽ መበከሉን አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል። በአዲስ አበባ መንገድ ያለፈ ሁሉ ሽታውን ያውቀዋል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ያልፋል። ጥናቱ ክሮሚየም ስለሚባለው የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል መጠን ይነግረኛል። ከታች ያለች እናት ልብስ የት እንደምታጥብ፣ ላሟን የት እንደምታጠጣ፣ ልጇ ሰውነቱን ሲያከከው ምን እንደምትል አይነግረኝም። ያንን መናገር የልብ ወለድ ሥራ ነው። ህንዶቹ ከ70 ዓመት በፊት ጀምረውታል።

ከሁሉም በላይ ያናወጠችኝ ግን ማሃሽዌታ ዴቪ ናት። በቤንጋሊኛ የጻፈች፣ ኑሮዋን ከጎሳ ማኅበረሰቦች ጋር ያስተሳሰረች፣ በ2016 ያረፈች ታላቅ ደራሲ። «አደን» የሚል አጭር ልብ ወለድ አላት። ሜሪ ኦራኦን የምትባል ጎበዝ ወጣት ገበያ ወርዳ ፍራፍሬ ትሸጣለች፣ ከማንም ጋር ተከራክራ ዋጋዋን ታስከብራለች። አንድ የእንጨት ኮንትራክተር ይመጣል። ሳል የሚባሉትን የጫካውን ዛፎች በርካሽ ይገዛል፣ መንደርተኛውን በሳንቲም ያሠራል፣ ለሴቶቹ ደግሞ ከወንዶቹ ያነሰ ይከፍላል። መጠጥ ያድላቸዋል። ሜሪንም እንደ ዛፉ ሊወስዳት ይፈልጋል፣ መንገድ ላይ እየጠበቀ ያስቸግራታል። በዚያ አገር በ12 ዓመት አንዴ ሴቶች ብቻቸውን አደን የሚወጡበት በዓል አለ። ሜሪ በዚያ ቀን ኮንትራክተሩን ጫካ ውስጥ ቀጥራ ትገድለዋለች። ግድያውን አላወድስም። ደራሲዋ ግን ዛፉን የሚቆርጠውና ሴቷን የሚያሳድደው እጅ አንድ መሆኑን ያለ ምንም ስብከት አሳይታኛለች።

ይህ የኮንትራክተር ነገር እኛንም ይነካናል። በ2010 መሥሪያ ቤቱ በህንዷ ከተማ ባንጋሎር የሆነ ኩባንያ ጋምቤላ ውስጥ 100 ሺህ ሄክታር በሊዝ ወስዶ ነበር። ውሉ በ2015 መጨረሻ ተቋረጠ። ስለ ሄክታሩና ስለ ውሉ ብዙ ተጻፈ። በዚያ መሬት ላይ ኑሯቸውን የመሠረቱ ሴቶች ምን እንዳሉ ግን ስንቶቻችን ሰምተናል?

እርግጥ ህንዶቹ ከባዶ አልተነሡም። መጋቢት 1974 (አሁንም እ.ኤ.አ.) በሂማሊያ ተራሮች፣ ሬኒ በምትባል መንደር፣ ዛፍ ቆራጮች ወንዶቹ ርቀው በሄዱበት ቀን መጡ። ጋውራ ዴቪ የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ሴቶቹን አስከትላ ወጣች። ይህ ጫካ የእናታችን ቤት ነው፣ አትነኩትም አሉ። ሌሊቱን ዛፎቹን ሲጠብቁ አደሩ። ቆራጮቹ ተመለሱ። ቺፕኮ የተባለው ንቅናቄ በዓለም የታወቀው በነሱ ነው። ከዚያ 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1970፣ የአላክናንዳ ወንዝ ሞልቶ አካባቢውን አጥፍቶ ነበር። ሴቶቹ ጫካው ሲራቆት ጎርፍ እንደሚከተል ያወቁት ከኑሯቸው ነው። በ2021 ደግሞ ከላይ የወረደ ድንገተኛ ጎርፍ እዚያው ሬኒ አጠገብ ያለውን የኃይል ማመንጫ ጠራርጎ ወሰደ። የሞቱትና የጠፉት ከ200 በላይ ናቸው። ዜናውን ስሰማ ያለቀስኩት ጋውራ ዴቪን አስቤ ነው።

አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ አለብን። ሴት ማለት ተፈጥሮ ናት፣ ምድር እናት ናት፣ ስለዚህ ሴት ጫካ ትጠብቃለች የሚል አባባል በህንድም በእኛም በቀላሉ ይመጣል። ቢና አጋርዋል የተባለች የህንድ ኢኮኖሚስት በ1992 በጻፈችው ታዋቂ ጽሑፍ ይህን ሞግታለች። ድሃዋ ሴት ለጫካ የምትሟገተው ማገዶውና መኖው የሷ ኃላፊነት ስለሆነ፣ መሬቱ ደግሞ በስሟ ስላልሆነ ነው። ባለመሬቷና ባለ ሠራተኛዋ ሴት ያው አይሰማትም። እኔም በዚህ እስማማለሁ። አኒታ ዴሳይ በ1977 ባወጣችው «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን» ጫካውን የምታቃጥለው ትንሽ ልጅ ናት። እዚያው መጽሐፍ ላይ አንዲት ሴት ያለዕድሜ ጋብቻ ልታስቆም በመሞከሯ ተደፍራ ትገደላለች። ተራራው ውብ ነው፣ ማንኛቸውንም ግን አላዳናቸውም።

ይህ ሁሉ እኛን በውጭ የምንኖረውን ይመለከተናል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ፎቶ በየገጻችን አለ። ጎንበስ ብላለች፣ ከኋላዋ ባሕር ዛፉና ጸሐይ። ከሥሩ «ናፍቆት» ብለን እንጽፋለን፣ የልብ ምልክት እናደርግበታለን። እዚህ ቧንቧ ከፍተን ሙቅ ውሃ እናገኛለን፣ ጋዝ በቁልፍ እናበራለን፣ ከዚያ የሷን ጀርባ አገራችን እንላለን። ናፍቆቱ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ጀርባው የሷ ነው።

ባሕር ዛፉ በምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ረሃብ አዳናት ሲባል ሁላችንም ተምረናል። ያንን ማገዶ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በጀርባዋ ያወረደችው ማን እንደሆነች ከመማሪያ መጽሐፍ አልተማርንም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስትነሣ ለልጆቿ ምን ትታላቸው ትወጣለች? ጥበቃው ሲያስቆማት ምን ትለዋለች? እንጨቱን ከቀማትስ ለዚያን ቀን ምን ትበላለች? ጋውራ ዴቪ ጫካውን ጠበቀች፣ የኛዋ ግን ጫካ ጨፍጫፊ ተብላ ትሳደዳለች። የሁለቱም ድህነት አንድ ዓይነት ነው።

ይህችን ሴት ራሷ የምትተርክበት የአማርኛ ልብ ወለድ ማንበብ እፈልጋለሁ። ከወገቧ ሳይሆን ከሸክሟ የሚጀምር። የሚጽፈው ሰው ሴትም ይሁን ወንድ፣ ሁለት ሦስት ወር ከተሸካሚዎቹ ጋር ወጥቶ ቢወርድ ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከወጣ ከዚህ አዝዤ እገዛለሁ፣ ለሰፈሬ ቤተ መጻሕፍትም አንድ ቅጂ እሰጣለሁ። የጉጃራት ጎረቤቶቼ እንዲያነቡት ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ከተገኘ ደግሞ ከወጪው የድርሻዬን አዋጣለሁ።