ማስተካከያ፦ ስለ ኦፒኔል እና ቪክቶሪኖክስ ሰንጢዎች

በኪስ ስለሚያዙ ሰንጢዎች ባቀረብነው ንጽጽር የፈረንሳዩ ኦፒኔል ቁጥር 8 እና የስዊሱ ቪክቶሪኖክስ ስፓርታን «ሁለቱም ሲከፈቱ ይቆለፋሉ፤ ለንደን ውስጥም በኪስ መያዝ ይቻላል» የሚል ሰፍሯል። ይህ ይታረም።

የሚቆለፈው ኦፒኔሉ ብቻ ነው። እጀታው ጫፍ ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት በጣታችሁ ዞር ስታደርጓት ስለቱ መታጠፊያ ያጣል። የስፓርታንን ስለት ግን ከጀርባው ያለው ሞላ ብቻ ነው የሚይዘው። በጫፉ አንድ ነገር ለመብሳት ስትገፉት ጣታችሁ ላይ ሊታጠፍ ስለሚችል ለመቁረጥ ብቻ ተጠቀሙበት።

ሕጉ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እንግሊዝ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚፈቀደው የማይቆለፍ፣ ስለቱም ከ3 ኢንች (7.62 ሳንቲ ሜትር) ያልበለጠ ታጣፊ ሰንጢ ነው። ስፓርታን ያልፋል። ቁጥር 8 ግን ይቆለፋል፤ ስለቱም 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው። በሁለቱም ይወድቃል። እዚያ ያላችሁ ወገኖች፣ አደራ ይህን ልብ በሉ! ለብርቱካን መላጫ ብላችሁ የያዛችሁት ሰንጢ ፍርድ ቤት ሊያቆማችሁ ይችላል። ኦፒኔል ካልሆነ ለምትሉ ቁጥር 5 አለ፤ ስለቱ 6 ሳንቲ ሜትር ነው፣ መቆለፊያ ቀለበትም የለውም።

«ኦፒኔል አይዝግም» የተባለውም ስለቱ ላይ «ኢኖክስ» የሚል ጽሑፍ ላለው ብቻ ነው የሚሠራው። «ካርቦን» የሚለው ይዝጋል። ሎሚ ቆርጣችሁበት ሳታደርቁ ካጠፋችሁት ጠቋቁሮ ታገኙታላችሁ። ወዲያው ጥረጉት፣ ትንሽ ዘይትም ቀባ አድርጉት።