ከምርቃት በኋላ ያለችው አንድ ዓመት

እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ ወጣት ፋርማሲስት ምርቃት ማለቂያ አይደለም። ዶክተር ኦፍ ፋርማሲውን ይጨርሳል፣ የፈቃድ ፈተናውን ያልፋል፣ ሬዚደንሲ የሚባለው የ12 ወር ሥልጠና ውስጥ ለመግባትም ይወዳደራል። ግዴታ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ያለ መድኃኒት ቤት የሚፈልግ በቀጥታ ይቀጠራል። ዋርድ፣ ታካሚዎች የተኙበት ክፍል፣ ገብቶ ከሐኪሞች ጎን መሥራት ለሚፈልግ ግን፣ በተለይ ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ፣ ያለ ሬዚደንሲ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ብዙ ጎበዝ ልጆች ሳይደርሳቸው ይቀራል። የደረሳቸውም ቢሆኑ ዓመቱ አይቀልላቸውም። ክፍያው የሙሉ ፋርማሲስት ደመወዝ ግማሽ ገደማ ነው። የሥራ ሰዓቱ በሳምንት ከ80 እንዳይበልጥ ደንብ ወጥቶለታል። ደንብ ማስፈለጉ ራሱ ብዙ ይናገራል።

እኔ በምሠራበት ሆስፒታል በየዓመቱ በክረምቱ መግቢያ አዳዲሶቹ ይመጣሉ። ባለፈው የመጣችውን አንዷን ልጅ አልረሳትም። ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ ታካሚዎቹን እየዞሩ ሲያዩ፣ ሐኪሙ ዞር ብሎ "ቫንኮማይሲኑን ስንት እናድርገው?" አላት። ይህ መድኃኒት ካነሰ ጀርሙን አይገድልም፣ ከበዛ ኩላሊት ይጎዳል። ልጅቷ መልሱን ታውቀዋለች፤ ማታ ስታሰላው አይቻታለሁ። ድምፅዋ ግን አልወጣም። አሠልጣኟ ከኋላዋ ቆሞ ዝም አለ። መልሱን አልነጠቃትም፣ ጠበቃት። በመጨረሻ ተናገረች። ራውንዱ ሲያልቅ ኮሪደር ላይ ያዛትና ይጠይቃት ጀመር። ለምን ያንን መጠን መረጥሽ? የኩላሊቱ ምርመራ፣ ክሪያቲኒኑ፣ ከትናንት ወዲህ ስንት ገባ? ክብደቱን ራስሽ አየሽ ወይስ ካርዱ ላይ ያለውን አመንሽ? ጥር ላይ ሳትጠየቅ የምትናገር ሆነች። ሬዚደንሲ ለእኔ እሷ ኮሪደር ላይ የቆየችው ሩብ ሰዓት ነው። ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ድሬ ልውሰዳችሁ።

የእኛ ልጆች ፋርማሲን አምስት ዓመት ይማራሉ። ሥርዓተ ትምህርቱ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ታካሚው ዞሯል። ተማሪው በመጨረሻው ዓመት ዋርድ ይወጣል፣ ካርድ ያነባል፣ ኬዝ ያቀርባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናም ተጨምሯል። እስከዚህ ድረስ ብዙ አንራራቅም። ልዩነቱ ከተቀጠረ በኋላ ይመጣል። የስቶር ቁልፍ ይሰጠዋል፣ መስኮት ላይ ይቆማል፣ አለቀ። "አቦ፣ ዋርድ ለመጨረሻ ጊዜ የገባሁት ተማሪ እያለሁ ነው" ያለኝ ድሬዳዋ የሚሠራ አንድ ወጣት ነው። ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ይህን ልጅ መስኮቱ ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። የልብ ቫልቭ ችግር ያለባት፣ ዋርፋሪን የምትወስድ እናት መጣች። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። የደም ምርመራዋ ውጤት ወርዷል፤ መድኃኒቱ በደንብ እየሠራ አይደለም ማለት ነው። "እማማ፣ መድኃኒቱን ዘለሉ እንዴ?" አላት። አልዘለለችም። "በጾሙ ምንድን ነው የሚበሉት?" ጎመን። በየቀኑ ጎመን። ልጁ ገባው። ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፣ የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳል። ጎመኑን ተዉት አላላትም። የሚበሉትን መጠን አያቀያይሩት፣ ሐኪምዎ ጋ ቶሎ ይሂዱና ይህንኑ ይንገሩት፣ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሳይዘገዩ ደም ይስጡና ይመርመሩ አላት። ልክ ነው። የመድኃኒቱ መጠን በጾም ከፍ ተደርጎላት፣ ከፋሲካ በኋላ ጎመኑ በሥጋ ሲተካ፣ ደሟ ከሚገባው በላይ ቀጥኖ ልትደማ ትችላለች።

ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርም ነበር። ልጁ ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ነው የጨረሰው።

ምሥራቁን ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለው ጥያቄ ብዙ ነው። ጫት እየቃሙ አሞክሲሲሊን መዋጥ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሳል፤ ከቃሙ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ መውሰድ ይሻላል። በረመዳን የስኳር መድኃኒት ሱሑርና ኢፍጣር ላይ እንዴት ይከፈላል? በድሬ ሙቀት ፍሪጅ የሌለው ሰው ኢንሱሊኑን የት ያስቀምጥ? በውኃ የራሰ ገንቦ ይበጃል። እዚህ ሆስፒታላችን ሶማሌም ኢትዮጵያዊም ታካሚ ይመጣል። ስለ ጫት የጠየቀ ሬዚደንት ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ኮሪደር ላይ የሚያቆመው ሰው አለው እንጂ ታካሚውን አያውቀውም።

የእኛ ልጅ ታካሚውን ያውቃል፣ ኮሪደር ላይ የሚያቆመው የለውም። ለዚያች እናት የሰጠው ምክር የትም አልተጻፈም። ሐኪሙ ሊያውቅ የሚችለው ሴትዮዋ ካስታወሰች ብቻ ነው። ቢሳሳትም የሚያርመው አልነበረም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

"እነሱ ሀብታም ናቸው" የሚል መልስ ብዙ ሰምቻለሁ። እውነት አለው። የጠፋ መድኃኒት ሲያሳድድ የሚውል ፋርማሲስት ራውንድ ልውጣ ቢል ማን ይለቀዋል? ደመወዙም ያሳዝናል። ያ ወጣት አዲስ አበባ የአስመጪዎችን ሥራ ማስታወቂያ እያየ ነው፣ ቢሄድ አልፈርድበትም። ነገር ግን አሜሪካም በአንድ ቀን እዚህ አልደረሰችም። በ1927 እ.ኤ.አ. ሃርቪ ዊትኒ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ለጀማሪ ፋርማሲስቶች የልምምድ ሥልጠና ጀመረ። ወጥ የሆነ የሬዚደንሲ መመዘኛ የመጣው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ሐረር ላይ ሕይወት ፋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ድሬ ላይ ድልጮራ አለ። በክሊኒካል ፋርማሲ፣ ማለትም ታካሚው ጎን በሚሠራው የፋርማሲ ሙያ፣ ማስተርስ ያላቸው ሰዎችም አገር ውስጥ አሉ፤ እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ክፍል ውስጥ ያስተምራሉ። ከእነሱ አንዱን በሳምንት ጥቂት ጠዋት ዋርድ ማውጣት ይቻላል። ሁለት ተመራቂዎችን ከመስኮት አንስቶ ለአንድ ዓመት ከሥሩ ማድረግ። የውስጥ ደዌ ዋርድ ብቻ ይበቃል። የሚሰጡት ምክር ካርድ ላይ ይጻፍ፣ ይፈረምበት። ዓመቱ ሲያልቅ በደረጃና በደመወዝ ይታሰብላቸው፣ አለበለዚያ አይቆዩም።

ሐኪሞቹ መጀመሪያ ላይ ግር ሊላቸው ይችላል። እዚህም "ፋርማሲስት ራውንድ ላይ ምን ይሠራል?" ሲሉ የነበሩ አንጋፋ ሐኪሞች አውቃለሁ። ዛሬ ሬዚደንቷ አምስት ደቂቃ ከዘገየች ስልክ የሚደውሉት እነሱ ናቸው።