የጠፈር ሞተር ቫክዩም ታንክ ውስጥ መሥራቱና ጠፈር ላይ መሥራቱ ለየቅል ናቸው
«ትረስተሩ ቫክዩም ቻምበር ውስጥ ከሠራ ጠፈር ላይም እንደዚያው ይሠራል» የሚለው የጽሑፉ አባባል አልተዋጠልኝም። ትረስተር ማለት የጠፈር መንኮራኩርን የሚገፋ ሞተር ነው፤ ቫክዩም ቻምበር ደግሞ አየሩ በፓምፕ የተሳበ የመሞከሪያ ታንክ ነው። ተማሪ እያለሁ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ሙከራ የሚካሄድበት ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ፓምፑ የቱንም ያህል ቢስብ ታንኩ ፈጽሞ ባዶ አይሆንም። ሆል ትረስተር (ጋዝን በኤሌክትሪክ ወደ አዮን፣ ማለትም ቻርጅ ወዳለው አተም ለውጦ የሚተፋ ሞተር) ከሆነ ደግሞ ራሱ የተፋው ዜኖን የተባለው ጋዝ እዚያው ይቀራል። ሞተሩ ያንኑ መልሶ ይስበውና የመግፋት ኃይሉ ጠፈር ላይ ከሚኖረው ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል። አዮኖቹም የታንኩን ግድግዳ እየፋቁ ፍቅፋቂውን ትረስተሩ ላይ ይለጥፉበታል። ታንኩን ስንከፍት የመመልከቻው መስታወት ጥላሸት የተቀባ ይመስል ነበር። ልኬቱማ አይወራ! የምንለካው የሞተሩ የመግፋት ኃይል ከአንድ ወረቀት ክብደት ያንሳል። ኮሪደር ላይ በር ሲዘጋ እንኳ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይዘላል። ከላይ በአስተያየትህ «ሞተር ለዓመታት ታንክ ውስጥ ማስኬድ ብክነት ነው» ያልከው ወንድሜ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ኔክስት የተባለው የናሳ አዮን ሞተር አሜሪካ ክሊቭላንድ ባለው የናሳ ማዕከል ታንክ ውስጥ ከ48,000 ሰዓት በላይ የሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። አዮኖቹን የሚያስፈነጥረው የሞተሩ ፍርግርግ በአዮን እየተመታ ቀስ በቀስ ሲበላ የሚታየው በጊዜ ብቻ ነው። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ወደ ጨረቃ የተላከችውን ትንሿን የናሳ ሳተላይት ሉናር ፍላሽላይትንም አስባት። የእሷ ሞተር በኤሌክትሪክ ሳይሆን በኬሚካል ነዳጅ የሚሠራ ነው፤ ምድር ላይ ሲሞከር ደህና ነበር። ጠፈር ላይ ግን ከአራቱ ትረስተሮች ሦስቱ ደከሙ። የተጠረጠረው የነዳጅ መስመሩን የዘጋ ብናኝ ነው። ከብዙ ሙከራ በኋላም ጨረቃ ምሕዋር ሳትገባ ቀረች።